ስኳር እያለባችሁ የበጎ አድራጎት የብስክሌት ጉዞ፦ ከመነሻው እስከ ማግስቱ ጠዋት

የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ «ቱር ደ ኪዩር» የሚባል የብስክሌት ጉዞ በተለያዩ ከተሞች ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ውድድር አይደለም። ሰዎች ከወዳጅ ዘመድ ገንዘብ ያሰባስባሉ፤ ቀኑ ሲደርስ ብስክሌታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ከዚያ እንደየአቅማቸው ይነዳሉ። 10 ማይል የሚበቃው አለ፣ 100 ማይል ሄዶ የሚመለስም አለ። ገንዘቡ ለምርምር፣ ለትምህርትና ስኳር ላለባቸው ሰዎች መብት ለመሟገት ይውላል።

ከነጂዎቹ መሀል ቀይ ማልያ የለበሱ ታያላችሁ። እነዚህ ራሳቸው ስኳር ያለባቸው ናቸው። «ሬድ ራይደር» ይባላሉ። በመንገድ ዳር የቆመው ሁሉ «ጎ ሬድ ራይደር!» እያለ ያበረታታቸዋል።

ማልያውን በመጀመሪያ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ ዘንድ ስኳር ይደበቃል። ልጅቷ ትዳር እንዳይበላሽባት ተብሎ፣ ሥራ ቦታ እንዳይሰሙ ተብሎ፣ «ሰው ምን ይለኛል» ተብሎ ይደበቃል። ኢንሱሊኑን መጸዳጃ ቤት ገብቶ የሚወጋ ሰው ብዙ ነው። በቤትና በሥራ ቦታ ሲደበቅ ጉዳቱ ቀስ ብሎ ይመጣል። ብስክሌት ላይ ሆኖ መደበቅ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ለአደጋ ይዳርጋል። አብሯችሁ የሚነዳ ሰው ስኳር እንዳለባችሁ ማወቅ አለበት። ምክንያቱን ለመረዳት ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል።

ከዚያ በፊት ግን «ስኳር ያለበት ሰው ይህን ያህል መንዳት ይችላል ወይ?» ለሚሉ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ፊል ሳውዘርላንድ የሚባል አሜሪካዊ በ7 ወሩ ነው ዓይነት 1 ስኳር (ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት የሚያቆምበት) የተገኘበት። ሐኪሞች ለእናቱ 25 ዓመት እንኳ ላይሞላው እንደሚችል ነገሯት። አድጎ ብስክሌተኛ ሆነ። ከጓደኛው ከጆ ኤልድሪጅ ጋር «ቲም ታይፕ ዋን» የሚባል ቡድን መሠረተ። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠውን፣ ወደ 3,000 ማይል የሚሆነውን ውድድር በቡድን ዘርፍ አሸነፈ። ዛሬ «ቲም ኖቮ ኖርዲስክ» በሚል ስም ይታወቃል። ነጂዎቹ በሙሉ ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸው ፕሮፌሽናሎች ናቸው። ስለዚህ መልሱ «ይቻላል» ነው። ግን ዕውቀት ይጠይቃል።

ፔዳል ስንረግጥ የእግር ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል። የሚገርመው፣ የሚሠራ ጡንቻ ይህን ለማድረግ ኢንሱሊን ብዙም አያስፈልገውም። ስኳር የሌለበት ሰው ሲነዳ ቆሽቱ የኢንሱሊኑን መጠን ወዲያው ይቀንሳል። ጉበቱ ደግሞ ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ሚዛኑ እንዲህ ይጠበቃል።

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። አንዴ ከቆዳ ሥር የገባ ኢንሱሊን አይመለስም። ጭራሽ እንቅስቃሴው ደም በፍጥነት እንዲዘዋወር ስለሚያደርግ ኢንሱሊኑ ቶሎ ይሠራል። ጡንቻው በራሱ ስኳር ይወስዳል፣ ኢንሱሊኑም ያወርዳል፣ ጉበትም በኢንሱሊኑ ምክንያት ስኳር ለመልቀቅ ይቸገራል። ሦስቱ ሲደመሩ ስኳር በፍጥነት ይወርዳል። ከመንዳት በፊት ጭን ላይ መወጋት የማይመከረውም ለዚህ ነው። የሚሠራው እግር ነውና ኢንሱሊኑ ከዚያ ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል። ሆድ ላይ መወጋት ይሻላል።

ተቃራኒውም ይከሰታል። መነሻው ላይ ሙዚቃ አለ፣ ሕዝብ አለ፣ ልብ ይመታል። አድሬናሊን ጉበትን ስኳር እንዲለቅ ያደርገዋል። ቤት ስትለኩ 140 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) የነበረው እዚያ 200 ሊል ይችላል። ዳገት ላይ በኃይል መርገጥም እንዲሁ ያደርጋል። ይህን አይቶ ተደናግጦ ተጨማሪ ኢንሱሊን መውጋት ከባድ ስህተት ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጡንቻው ሥራውን ሲጀምር ቁጥሩ ይወርዳል፣ የተጨመረው ኢንሱሊን ደግሞ ይደርብበታል።

እስካሁን ያልኩት በዋናነት ኢንሱሊን ለሚወስዱ ነው። ሜትፎርሚን ብቻ ለሚወስዱ፣ ወይም በምግብ ብቻ ለሚቆጣጠሩ ዓይነት 2 (ሰውነት ኢንሱሊንን በደንብ የማይጠቀምበት) ያለባቸው ሰዎች ሁኔታው ሌላ ነው። ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ የሚወርድበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ግሊቤንክላማይድ ወይም ግሊሜፒራይድ የሚወስዱ ግን ይጠንቀቁ። እነዚህ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ስለሚገፉ ስኳር ሊያወርዱ ይችላሉ። ስማቸው በ«ግሊፍሎዚን» የሚያልቁትን፣ እንደ ኤምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ያሉትን የሚወስድ ሰው ደግሞ ውሃ በደንብ ይጠጣ። መድኃኒቶቹ በሽንት ውሃ ያስወጣሉ፣ ረጅም እንቅስቃሴ ላይ የኪቶን (ሰውነት በስኳር ፈንታ ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር አሲድ) ችግርም ሊያመጡ ይችላሉ።

ዓይነት 2 ላለባቸው የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በየማረፊያው ጠረጴዛ ላይ ብርቱካን፣ ኩኪስና ጣፋጭ የስፖርት መጠጥ ተደርድሮ ይጠብቃል። ሰውዬው ስኳሩን ሊቀንስ ብሎ 15 ማይል ይነዳል፤ ከዚያ 3 ጠርሙስ የስፖርት መጠጥ ይጠጣና ሲጨርስ ከመነሻው በልጦ ያገኘዋል። መድኃኒታችሁ ስኳር የሚያወርድ ካልሆነ፣ ለአንድ ሰዓት ጉዞ ውሃ ይበቃችኋል።

እንቅስቃሴው ራሱ ግን ለዓይነት 2 ትልቅ መድኃኒት ነው። ከአገር ቤት ርቆ የሚኖረው ወገናችን ይህን በተለይ ይፈልገዋል። ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን መጀመሪያ ሲመጡ ስኳር በመካከላቸው እምብዛም አልነበረም። ምግቡና ኑሮው ሲለወጥ በሽታው በጣም ጨመረ። በዋሽንግተን አካባቢም ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውል ወንድማችን፣ ማታ ገብቶ እንጀራውን በልቶ የሚተኛ ወንድማችን ስንት ነው! ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «በሰኔ የምነዳው ጉዞ አለ» ማለት ከወራት በፊት ከወንበር የሚያስነሳ ምክንያት ይሆነዋል።

ከመመዝገባችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። «ስፖርት ልሥራ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። «አዎ ጥሩ ነው» ብሎ ይሸኛችኋል። ስንት ማይል፣ በምን ያህል ሰዓት እንደምትነዱ ንገሩት። ዓይናችሁን አሳዩ። የዓይን ደም ሥር በስኳር ተጎድቶ የሚደማ ዓይነት ከሆነ ኃይለኛ ግፊት ያባብሰዋልና መጀመሪያ መታከም አለበት። እግራችሁ ስሜቱ ከቀነሰ ጫማ ሲያቆስላችሁ አይታወቃችሁም። ጉዞው ሲያልቅ ካልሲ አውልቆ በጣቶች መሀል ሳይቀር ማየት ያስፈልጋል። ልብንም አስመርምሩ፣ በተለይ ዕድሜ ከገፋ ወይም ስኳሩ ከቆየ።

ልምምድ ላይ ብዙ አልቆይም። በአርሊንግተንና በአካባቢው ያላችሁ የቀድሞው የባቡር መስመር ወደ ብስክሌት መንገድ የተለወጠበት «ዋሽንግተን ኤንድ ኦልድ ዶሚኒየን» አላችሁ። እስከ ፐርሰልቪል 45 ማይል ይሄዳል። መኪና አይገባበትም፣ ዳገቱም ለስለስ ያለ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መንገዶች ለመኪና የሚዘጉበትን እሑድ ተጠቀሙበት። ዋናው ነገር ልምምዱን ስታደርጉ ስኳራችሁን መመዝገባችሁ ነው። ከመነሳት በፊት ስንት ነበር? ምን በላችሁ? ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንት ሆነ? ማታስ? ሰው ሁሉ አንድ አይደለምና ከየትኛውም መመሪያ በላይ የሚጠቅማችሁ ይህ የራሳችሁ መዝገብ ነው። ሐኪሙም መጠን የሚያስተካክለው በእሱ ነው።

የጉዞው ዕለት ጠዋት ቁርስ መብላት ግዴታ ነው። እዚህ ላይ ከእኛ ኑሮ ጋር የሚጋጭ ነገር አለ። እነዚህ ጉዞዎች የሚደረጉት ቅዳሜ ወይም እሑድ ጠዋት ነው። ጾም ሊሆን ይችላል፤ የሚያስቀድስ ሰውም በባዶ ሆዱ ነው። ኢንሱሊን ወስዶ፣ ሳይበሉ፣ 30 ማይል መንዳት አይቻልም። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ ወይም ጾም የሌለበትን ቀን ፈልጉ። ረመዳን ላይ ለሚውል ጉዞም እንዲሁ ነው።

ከጉዞ በፊት ባለው ቁርስ የሚወጋው ፈጣን ኢንሱሊን አብዛኛውን ጊዜ ይቀነሳል። ስንት እንደሚቀነስ በጉዞው ርዝመትና ጥንካሬ ይወሰናል። ይህን ከሐኪማችሁ ጋር አስቀድማችሁ ወስኑ። የኢንሱሊን ፓምፕ (ኢንሱሊን ያለማቋረጥ የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ) የሚጠቀሙ ደግሞ መቀነስ የሚጀምሩት ከመነሳታቸው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቀደም ብለው ነው። መነሻው ላይ ቆሞ መቀነስ ዘግይቷል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ለመነሳት ጥሩ የሚባለው ከ126 እስከ 180 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው። አውሮፓ ያላችሁና በሌላው መለኪያ የምትጠቀሙ ለ18 አካፍሉት፤ ከ7 እስከ 10 ማለት ነው። ከ90 በታች ከሆነ አትነሱ። ከ10 እስከ 20 ግራም ፈጣን ስኳር ውሰዱና ከ90 እስኪያልፍ ጠብቁ። ከ270 በላይ ከሆነና ምክንያቱ ካልታወቀ ኪቶን ለኩ። የደም ኪቶን 1.5 ሚሊ ሞል በሊትር ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ የዚያን ቀን ጉዞ የለም። ሰውነት ኢንሱሊን አጥሮታል ማለት ነው፤ መንዳት ያባብሰዋል። ባለፉት 24 ሰዓታት ውስጥ ሰው ረድቷችሁ የተነሳችሁበት ከባድ የስኳር መውረድ ደርሶባችሁ ከነበረም ቅሩ። አንዴ ክፉኛ የወረደ ስኳር ሰውነትን ያደነዝዘዋል፤ ሁለተኛው ሲመጣ ምልክቱን አያሳይም።

መንገድ ላይ ደግሞ ምግብ በኪስ ይያዛል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ሲነዳ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ሊያስፈልገው ይችላል። መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ገደማ አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ነው። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ግራም ገደማ ይሆናል። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቆሎ ለረጅም ጉዞ ደህና ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚፈጩት። ስኳር ሲወርድ ግን አይሆኑም። ጭኮና ቸኮሌትም አይሆኑም፤ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። ለወረደ ስኳር የሚሆነው ማር፣ ስኳር በውሃ፣ ጁስ፣ ለስላሳ ወይም የግሉኮስ ኪኒን ነው። «ዳይት» ወይም «ዜሮ» የሚለው ለስላሳ ምንም አይረዳም።

ስኳር ሲወርድ የሚታወቀው በምንድን ነው? ያልባችኋል፣ ልብ ይመታል፣ ይደክማችኋል፣ ይርባችኋል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። አሁን ይህን ዝርዝር ዳገት ከሚወጣ ጤነኛ ብስክሌተኛ ጋር አስተያዩት። እሱም ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ይደክመዋል። ምልክቱ ከድካም ጋር ይመሳሰላል። «ደክሞኝ ነው» ብሎ የሚቀጥል ሰው እየወረደ መሆኑን ሳያውቅ አእምሮው ይደክማል፤ አእምሮው ሲደክም ደግሞ ማቆም እንዳለበት የሚያስብበት አቅም ያጣል። ለደም ግፊት ወይም ለልብ እንደ አቴኖሎል ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጭራሽ የልብ ምቱና መንቀጥቀጡ ላይሰማው ይችላል።

ለዚህ ነው አብሯችሁ የሚነዳው ሰው ማወቅ ያለበት። እሱ ከውጭ ያያል። መስመር እየሳታችሁ ነው? ሲያናግራችሁ ዝም አላችሁ? ያለ ነገሩ ተቆጣችሁ? ንግግራችሁ ተንተባተበ? ይህን ያየ ሰው «ቁሙ» ማለት አለበት። «ደህና ነኝ» ብትሉትም መስማት የለበትም። ይህን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። ስኳር እንዳለባችሁ የማያውቅ ሰው ግን «ተናዶብኛል» ብሎ ቀድሟችሁ ይሄዳል።

ቀዩ ማልያ ይህን ሁሉ ሳትናገሩ ይናገርላችኋል። የማታውቁት ሰው ሳይቀር መንገድ ዳር ቆማችሁ ሲያይ «ስኳር ወርዶባት ይሆን?» ብሎ ያስባል። የምትሳተፉበት ጉዞ እንዲህ ዓይነት ማልያ ከሌለው የሕክምና አምባር እጃችሁ ላይ አድርጉ። ከመመዝገቢያ ቁጥራችሁ ጀርባም ሕመማችሁንና የሚደወልለትን ሰው ጻፉ።

ስኳር ከ70 በታች ከሆነ ወይም ከተጠራጠራችሁ ወዲያው ከብስክሌት ውረዱ። 15 ግራም ፈጣን ስኳር ውሰዱ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ እንደገና ለኩ። ካልተነሳ ድገሙ። ሴንሰር (ቆዳ ላይ ተለጥፎ ስኳርን ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ) የምትጠቀሙ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሴንሰር የሚለካው ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ነው። ስኳር በፍጥነት ሲወርድ ከደሙ በደቂቃዎች ወደ ኋላ ይቀራል። 85 እያለ ደማችሁ 65 ሊሆን ይችላል። ቀስቱ ወደ ታች ካመለከተ ቁጥሩን አትመኑ፤ ጣት ወግታችሁ ለኩ።

ሰውየው ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይሰጥም። ውሃም፣ ማርም፣ ስኳርም አይሰጥም። ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ አስተኙት። ግሉካጎን (የወረደን ስኳር የሚያነሳ መድኃኒት) ካለ፣ በመርፌ የሚወጋውም ሆነ በአፍንጫ የሚረጨው፣ ያን ስጡ። አሜሪካ ከሆነ 911 ይደወላል። ግሉካጎን በሌለበት አገር ፈጥኖ በደም ሥር ግሉኮስ ወደሚሰጥበት ጤና ተቋም መውሰድ ነው።

ሙቀት ላይ አንድ ቃል ልበል። በአገልግሎት ላይ ያለ ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሆን የለበትም። ዱባይ ወይም ሪያድ ያላችሁ ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። መኪና ውስጥ የተተወ የኢንሱሊን ፔን (እስክርቢቶ የሚመስል መወጊያ) አይታመንም። በበረዶ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥም አይሆንም፤ የቀዘቀዘ እንጂ የረጋ ኢንሱሊን አይፈለግም።

አሁን ሰው ብዙም የማይነግራችሁ ክፍል ላይ ደረስን፤ ማታው። ጉዞው አልቋል፣ ሜዳሊያው አንገት ላይ ነው፣ ስኳሩም ጥሩ ነው። ሰው አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። ሆኖም ጡንቻ እንደ ጎተራ ያከማቸውን ስኳር ቀኑን ሙሉ ሲያወጣ ውሏል። አሁን ሊሞላ ይፈልጋል። ከደም እየወሰደ ሌሊቱን ሙሉ ይሞላል። ለኢንሱሊን ያለው ስሜትም እስከ 24 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ይቆያል። በልማድ የሚወጋው የማታ ኢንሱሊን ለዚያ ሌሊት ሊበዛ ይችላል።

በዚህ ላይ የእኛን ደስታ ጨምሩበት። ከጉዞ በኋላ ሰው ይሰበሰባል፣ ምግብ ይቀርባል፣ ቢራና ጠጅ ይቀዳል። አልኮል ጉበትን ስኳር እንዳይለቅ ያግደዋል። ባዶ ጎተራ፣ የታገደ ጉበትና የተወጋ ኢንሱሊን በአንድ ሌሊት ተገናኙ ማለት ነው። ሰውየው ቢወላገድ ሰው «ሰክሮ ነው» ይላል እንጂ «ስኳሩ ወርዶ ነው» አይልም። እኔ በበኩሌ የዚያን ቀን አልኮል ባይነካ እመርጣለሁ። የሚጠጣም ከምግብ ጋር፣ ጥቂት ብቻ ይጠጣ፤ ቤት ያለ ሰውም ይወቅ።

ለእራት የሚወጋውንና የሌሊቱን ኢንሱሊን መቀነስን አስቀድማችሁ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ። ለረጅም ሰዓት የሚሠራውን በ20 በመቶ ገደማ መቀነስ የተለመደ መነሻ ነው። ከመተኛት በፊት ለኩ። ዝቅ ካለ አንድ ነገር ቀምሱ፤ ለምሳሌ ዳቦ ከእንቁላል ወይም ከኦቾሎኒ ቅቤ ጋር። ሴንሰር ከሌለ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ማንቂያ ሞልታችሁ እንደገና ለኩ። ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ ለአንድ ወዳጅ ጠዋት እንዲደውል ንገሩት።

የቀረው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ ጉዞዎች የመመዝገቢያ ክፍያና ዝቅተኛ የማሰባሰቢያ መጠን አላቸው። ስትመዘገቡ የራሳችሁ ገጽ ይከፈትላችኋል፤ ሊንኩን ለሰው ትልካላችሁ። መዋጮ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እድርና እቁብ ያሳደገን ሰዎች ነን። ለየት የሚለው ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ሳይሆን ስለ ራስ ሕመም መጠየቁ ነው። ሰው የሚሰጠው ለማኅበሩ ስም ብዬ አላምንም፤ ለእናንተ ብሎ ነው። «ስኳር ካገኘኝ 8 ዓመት ሆነኝ፤ በግንቦት 25 ማይል ልነዳ ነው» የሚል ሁለት መስመር ከረጅም ማብራሪያ ይበልጣል። የምትሠሩበት ድርጅት ያሰባሰባችሁትን ያህል የሚጨምር እንደሆነም ጠይቁ፤ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ድርጅቶች ይህን ያደርጋሉ። ለጋሾች ለግብር የሚሆን ደረሰኝ እንደሚያገኙም ንገሯቸው።

ገንዘቡ ምን ይሠራል ለሚል፦ ኢንሱሊን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ነው። አግኚዎቹ የባለቤትነት መብቱን ለዩኒቨርሲቲው በ1 ዶላር ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ግን በአሜሪካ ዋጋው ሰው መጠኑን እየቆጠበ እስኪወጋ ድረስ ናረ። የስኳር ማኅበራት ለዓመታት ጮኹ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የሜዲኬር (በተለይ ለአረጋውያን የሚሆን የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ተጠቃሚዎች ለአንድ ወር ኢንሱሊን ከ35 ዶላር በላይ እንዳይከፍሉ ተደርጓል። ከ65 ዓመት በላይ የሆናቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን የዚህ ተጠቃሚ ናቸው።

መንዳት የተከለከላችሁ፣ ዓይናችሁ ወይም ልባችሁ ያልፈቀደላችሁ ደግሞ በማረፊያ ጣቢያ ላይ አገልግሉ። አዘጋጆቹ ሁልጊዜ በጎ ፈቃደኛ ይፈልጋሉ። ውሃ የሚቀዳው ሰው ስኳር የወረደበትን ከደከመው ለይቶ የሚያውቅ ቢሆን ለነጂዎቹ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ደግሞ እናንተን የሚያህል የለም።